ባሮና ጥቁሩ መስኮት
(ስለ ስታቲስቲክስ ስክሪፕት ለጀማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ጋምቤላ)



አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ የጫነ ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የአንድ መቶ ዓመት የዓባይ ውኃ ልኬት አብሮ ጭኗል። እ.ኤ.አ. ከ1871 እስከ 1970 በየዓመቱ በአስዋን ያለፈው የውኃ መጠን መቶ ቁጥር ሆኖ፣ ናይል በሚል ስም ፕሮግራሙ ውስጥ ተቀምጧል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ክፍያም የለውም። ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ የሚያልፈው ባሮ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይሆናል፤ ሶባት ማላካል አጠገብ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል፤ ነጭ ዓባይም ካርቱም ላይ ከጥቁር ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አስዋን ይወርዳል። በነዚያ መቶ ቁጥሮች ውስጥ የጋምቤላም ውኃ አለበት።

ባሮ ራሱም ሲለካ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ፣ የእንፋሎት መርከቦች በክረምት ከካርቱም እስከዚህ ድረስ እየዘለቁ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ወንዙ ሲጎድል መርከብ አይመጣም። የባሮ ፍሰት በጋምቤላ ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአምሳ ዓመት ያህል ተመዝግቧል፤ ይህም ዛሬ ድረስ ስለ ነጭ ዓባይ የሚያጠኑ ሁሉ የሚመለሱበት መዝገብ ነው። ካይሮ ተቀምጦ የመላውን የዓባይ ተፋሰስ ልኬት ይሰበስብ የነበረው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ኸርስት፣ ከእነዚህና ከሌሎች ረጃጅም መዝገቦች ተነሥቶ በ1951 እ.ኤ.አ. ስለ ማጠራቀሚያ ግድቦች መጠን ያሳተመው ጥናት በዓለም የታወቀ ሆኗል። ያገኘው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ውኃ የበዛባቸው ዓመታት አንድ ላይ፣ የደረቁትም አንድ ላይ የመሰባሰብ ጠባይ አላቸው፤ ይህም በዕጣ ከሚጠበቀው በላይ ነው።

ያን ጊዜ የኸርስትን ስሌት ማረጋገጥ የፈለገ ሰው ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ተቀምጦ መደመር ነበረበት። ዛሬ ማረጋገጥ የደቂቃ ሥራ ሆኗል፤ ይህ የሚሆነው ግን የሠራነውን በጽሑፍ ከተውን ነው። ወደ እናንተ ይዤው የመጣሁትም ይኸው ነው፦ ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ማንኛውም ቁጥር፣ ያወጣው ሰው በቦታው ባይኖርም እንኳ፣ ጠያቂ ሲመጣ እንደገና መውጣት መቻል አለበት።

አብዛኞቻችን በዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፋችንን የሠራነው በኤስፒኤስኤስ ነው። ዳታው ይከፈታል፣ ሜኑ ይመረጣል፣ ኦኬ ይጫናል፣ ሠንጠረዥ ይወጣል። (ኤስፒኤስኤስም ሲንታክስ የሚባል የጽሑፍ መንገድ አለው፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው።) ሠንጠረዡ ወደ ሪፖርቱ ይገባል፤ የትኛው ቁልፍ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተጫነ ግን የሚያስታውስ የለም። ኤክሴልም እንዲሁ ነው። ከሦስት ወር በኋላ «ይህ 412 ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ ከበላይ ሲመጣ፣ ባለሙያው ወይ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፣ ወይ ራሱም ረስቶታል።

ስክሪፕት ለዚህ መፍትሔ ነው። ስክሪፕት ማለት ትእዛዞች በተራ የተጻፉበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በኖትፓድ ይከፈታል፣ በፍላሽ ይሰጣል፣ ክብደቱ ከአንድ ፎቶግራፍ ያንሳል። የትእዛዝ መስመር ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራው ያ ጥቁር መስኮት ነው፤ በዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት፣ በሊኑክስ ተርሚናል ይባላል። ኮምፒውተሩን በማውስ ሳይሆን በጽሑፍ የምናዝበት ቦታ ነው። ስክሪፕቱን ከዚህ መስኮት ማስኬድ ማለት አንድ መስመር ጽፎ ኢንተር መጫን ነው፤ ከዚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለ ሰው እጅ ይሄዳል። ስታታ፣ ፓይተን፣ ሌላም ይህንኑ ያደርጋል። አርን የመረጥሁት በነጻ የሚገኝ፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት የማይፈልግና በአሮጌ ላፕቶፕም የሚሠራ ስለሆነ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩት ሥራ ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባሉ ሰዎች እጅ ይጠበቃል።

እስኪ አብረን እናስኬድ። በመጀመሪያ ለሥራው አንድ ፎልደር ክፈቱ፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ባዶ ቦታ ስጡት። ስሙ መሐል ባዶ ቦታ ካለ የትእዛዝ መስመሩ ሁለት የተለያየ ነገር ይመስለዋል፤ በትምህርተ ጥቅስ ካልታጠረ በቀር። ቀጥሎ ኖትፓድ ከፍታችሁ ሦስት መስመር ትጽፋላችሁ። አንደኛው ሰመሪ የሚለው ትእዛዝ፣ በቅንፍ ውስጥ ናይል። ሁለተኛው ሚን፣ በቅንፍ ናይል። ሦስተኛው ፕሎት፣ በቅንፍ ናይል። ናይል ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ነው፤ በትንሽ ከጻፋችሁት አር «እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም» ይላችኋል፤ ለእሱ ትልቁና ትንሹ ፊደል ሁለት ፊደል ነው።

ፋይሉን ስታስቀምጡ ስሙ በነጥብና በአር ፊደል ማለቅ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይደናቀፋል። ኖትፓድ በራሱ ፈቃድ ከኋላ ነጥብ ቲኤክስቲ ይጨምራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንን ቅጥያ ይደብቃል፤ ስለዚህ ለዓይን ትክክል የሆነው ፋይል በእውነቱ ሌላ ስም አለው። ሴቭ አዝ ስትሉ የፋይል ዓይነቱን «ሁሉም ፋይሎች» ወደሚለው ቀይሩት፤ በፋይል ኤክስፕሎረርም የፋይል ቅጥያዎች እንዲታዩ አድርጉ።

አሁን ፎልደሩን በፋይል ኤክስፕሎረር ክፈቱና ከላይ አድራሻው የተጻፈበትን ቦታ ጠቅ አድርጋችሁ ሲኤምዲ ብላችሁ ኢንተር ጫኑ። ጥቁሩ መስኮት እዚያው ፎልደር ውስጥ ቆሞ ይከፈታል። ይህችን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ የጀማሪን ግማሽ ጣጣ ተገላግላችኋል፤ ምክንያቱም ብዙው ችግር ኮምፒውተሩ በየትኛው ፎልደር እንደቆመ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ከዚያ አርስክሪፕት ብላችሁ፣ አንድ ባዶ ቦታ ትታችሁ፣ የፋይሉን ስም ጽፋችሁ ኢንተር።

ምናልባት «አርስክሪፕት የሚባል ትእዛዝ አልታወቀም» የሚል መልስ ይመጣል። አትደንግጡ። አር በዊንዶውስ ሲጫን ያለበትን ቦታ ለትእዛዝ መስመሩ አያስታውቅም። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ፣ አር በሚለው ፎልደር፣ ቢን በሚለው ሥር የተቀመጠውን አርስክሪፕት ሙሉ አድራሻ በትምህርተ ጥቅስ መሐል ጻፉለት፤ ወይም ያንን አድራሻ ፓዝ በሚባለው የዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አንድ ጊዜ አስገቡና ለዘለቄታው ተገላገሉ። «ፋይሉን መክፈት አልተቻለም» ካለ ደግሞ ወይ የቆማችሁበት ፎልደር ሌላ ነው፣ ወይ ያ የተደበቀ ቲኤክስቲ አለ። የስሕተት መልእክት እንግሊዝኛ ስለሆነና ስለሚረዝም ሰው ሳያነበው መስኮቱን ይዘጋል። ከታች ወደ ላይ አንብቡት። ከመጨረሻው «ሥራው ቆሟል» ከሚለው መስመር በላይ፣ የትኛው ትእዛዝ ላይ ለምን እንደቆመ ተጽፎላችኋል።

ሲሳካ ግን ይህ ይወጣል፦ ትንሹ 456፣ አማካዩ 919.4፣ ትልቁ 1370። መለኪያው መቶ ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው፤ እንግዲህ በአማካይ በዓመት ወደ 92 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ማለት ነው። የሦስተኛውን ትእዛዝ ሥዕል ብትጠብቁ መስኮት ላይ አይመጣም። ሥዕሉ አርፕሎትስ በሚል ስም፣ ፒዲኤፍ ሆኖ፣ እዚያው ፎልደራችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ክፈቱትና ተመልከቱ። 456 ላይ የወረደው ዓመት 1913 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአካባቢው ድርቅ የነበረበት ዓመት። ሥዕሉን ትኩር ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ ከ1898 በኋላ መስመሩ ደረጃ እንደወረደ ይታያችኋል። ሁለት መስመር ጨምራችሁ ለየብቻ ብታስሉት፣ እስከ 1898 ያለው አማካይ 1097.75፣ ከዚያ በኋላ ያለው 849.97 ይሆናል። የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ ሥራ የተጀመረው በ1899 ነው፤ ዝናቡም በዚያው ዘመን ቀንሷል። የቁጥሩ መውረድ ከየትኛው እንደመጣ ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም። ለውጡ ያለበትን ቦታ ግን ማንም ተማሪ ዛሬ ማታ ቤቱ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ መብራት ቢጠፋም ስክሪፕቱ የተቀመጠ ጽሑፍ ስለሆነ፣ መብራት ሲመጣ ያንኑ መስመር ጽፎ ያንኑ ቁጥር ያገኛል።

ከወንዙ ወደ ጤና ሪፖርት ልሻገር።

ወባ በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው። ቁጥሩ ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክልል ጤና ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ላይ ይሄዳል። በክረምት ባሮ ሲሞላ የኢታንግ፣ የጅካዎና የአኮቦ መንገዶች ይቆረጣሉ። የአንድ ኬላ ሪፖርት ሳይደርስ ቀረ እንበል። በኤክሴል ያ ሳጥን ባዶ ይሆናል፤ ድምሩ ሲሠራ ባዶው እንደ ዜሮ ታልፎ ይደመራል። በወረቀት ላይ የሚታየው «ወባ ቀነሰ» ነው። የቀነሰው ግን ሪፖርቱ ነው፤ ያውም ውኃ በተኛበት፣ ትንኝ በሚፈላበት ወቅት። መድኃኒትና አጎበር የሚመደበው በዚህ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ውኃ የከበበው ቀበሌ ከሁሉ ያነሰ ይደርሰዋል።

አር ባዶን ከዜሮ ይለያል። ባዶው ኤንኤ ይባላል፤ አንድ ኤንኤ ያለበትን ዓምድ ደምር ብትሉት መልሱ ራሱ ኤንኤ ነው። «አንዱን ሳላውቅ ድምሩን እንዴት ላውቅ?» ማለቱ ነው። ጀማሪ በዚህ ይናደዳል፤ ፈልጎም ኤንኤ አርኤም የምትባለውን አማራጭ ያገኝና ባዶዎቹን አስዘልሎ ይደምራል። አማራጯ ክፉ አይደለችም። ግን ከእሷ በፊት አንድ መስመር ይጻፍ፤ በየወረዳው በዚህ ሳምንት ስንት ሪፖርት እንደቀረ የሚቆጥር መስመር። ሪፖርቱ ሲወጣ «ከኢታንግ ይህን ያህል ሕሙማን፣ ይህን ያህል ኬላ ግን አልደረሰም» ተብሎ አብሮ ይውጣ። ይህን መስመር ካንዴ በላይ መጻፍ አያስፈልግም፤ ስክሪፕቱ በየሳምንቱ ሳይረሳ ያደርገዋል። ሰው በሥራ ብዛት የሚረሳው ይህንኑ ነው።

የረድፍ ቁጥርም እንዲሁ ይቆጠር። በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም የኮቪድ ምርመራ ውጤቶችን በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሲያስተላልፍ፣ ያ ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ የተረፈው ዝም ብሎ ተቆረጠ። በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ 15,841 ሕሙማን ከሪፖርቱ ወጡ፤ የተነካኳቸውን ሰዎች ፍለጋም ዘገየ። ሀብት የሞላው አገር ነው። ገቢው ስንት ረድፍ፣ ወጪውስ ስንት እንደሆነ የምታትም አንዲት መስመር ብትኖር ኖሮ በዚያው ቀን ይታይ ነበር።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንግባ፤ የዘመን አቆጣጠራችን ነገር ነው፤ ይህን በውጭ አገር መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አታገኙትም። መዝገቦቻችን በእኛ አቆጣጠር ይጻፋሉ። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 30/02/2017 ብለን አስገባን እንበል። ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ያነባል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። ቀኑን በተሰጠው አጻጻፍ አንብብ ብላችሁ ያዘዛችሁት አር ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ያንን ቀን ኤንኤ ያደርገዋል። የጳጉሜን ቀኖች በሙሉ እንዲሁ ይጠፋሉ፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ለእሱ የለም። እነዚህ እንኳ ስለጠፉ ይቆጠራሉ። የሚከፋው ያልጠፋው ነው። ኅዳር 15 ቀን 2017፣ ማለትም 15/03/2017፣ እንደ ማርች 15 ቀን ያለ ችግር ያልፋል። በእውነቱ ኖቬምበር 24 ቀን 2024 ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው የወባ ወቅት በሙሉ በፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ ላይ ተደርድሮ ይወጣል፤ ከዝናብ መረጃ ጋር ሲነጻጸር ምንም ግንኙነት የሌለው ይመስላል።

መፍትሔው ስክሪፕቱ ውስጥ በአንድ መስመር ይጻፋል። የዚያን ዓመት መስከረም 1 በፈረንጆች ስንት ቀን እንደዋለ እንወቅ፤ ለ2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024፣ ለ2016 ደግሞ ከእሱ በፊት ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። በዚያ ላይ ከወሩ ቁጥር አንድ ቀንሶ በ30 ማባዛት፣ ከቀኑ ቁጥርም አንድ ቀንሶ መጨመር። ጥቅምት 30፣ 2017 ከሴፕቴምበር 11 በኋላ 59ኛው ቀን፣ ማለትም ኖቬምበር 9 ይሆናል። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ እኩል ሠላሳ መሆናቸው ስሌቱን እንዲህ ቀላል አድርጎታል። ቀኑን ግን ሁልጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር፣ በሁለት ዓምድ ያዙት።

ስለ ፊደል ባጭሩ። የግእዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ አርም ከ4.2 ስሪቱ ወዲህ፣ ከ2022 ማለት ነው፣ በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ አማርኛን በደንብ ያነባል። ጥቁሩ መስኮት ፊደላችንን በሳጥን ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ውጤቱን ወደ ፋይል ከጻፋችሁት ግን ደኅና ነው። ከኤክሴል ስታወጡ ሲኤስቪ ዩቲኤፍ ኤይት የሚለውን ምረጡ፤ ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ ስሞቹ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ። ከባዱ የስም አጻጻፍ ነው። ፉኚዶ፣ ፑኝዶ፣ ፒኙዶ እየተባለ የሚጻፈው አንድ ቦታ፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት ቦታ ነው። ዋናውን ፋይል ከፍታችሁ በእጅ አታርሙ። የትኛው አጻጻፍ ወደ የትኛው እንደሚመለስ በስክሪፕቱ ውስጥ ይጻፍ፤ ቀጣዩ ባለሙያ ምን እንደታረመ ያነበዋል፣ ካልተስማማም ይለውጠዋል።

ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ነው የትእዛዝ መስመር ጥቅም ቁልጭ ብሎ የሚታየው። ከፋይሉ ስም ኋላ የወረዳ ስምና የሳምንት ቁጥር መጨመር ይቻላል፤ አርስክሪፕት፣ ሪፖርት፣ ኢታንግ፣ 32 ብሎ ጽፎ ኢንተር። ስክሪፕቱ ሁለቱን ቃላት ተቀብሎ የኢታንግን ሠላሳ ሁለተኛ ሳምንት ሪፖርት ያወጣል። ኢታንግን በላሬ፣ በአቦቦ፣ በጎደሬ መለወጥ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮፒ ፔስት ሲደረግ የሚውልበት ሥራ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል፤ አንዱ ወረዳ በአንድ ቀመር፣ ሌላው በሌላ ቀመር የመሠራቱም ነገር ይቀራል።

የመጨረሻው ጉዳይ አካፋዩ ነው። ከሺህ ሰው ስንቱ ታመመ ለማለት የሕዝብ ቁጥር ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307,096፣ የጋምቤላ ከተማ 39,022 ነበር። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ስለተራዘመ ዛሬ የምንጠቀመው ትንበያ ነው። በዚያ ላይ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጄዊ፣ በንጉኝየልና በሌሎቹ ጣቢያዎች የተጠለሉት ሰዎች ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። እነርሱ አካፋዩ ውስጥ ገቡ ወይስ አልገቡም? ጤና ጣቢያው ሲያክማቸው ከላይ ተቆጥረው፣ ከታች ካልተቆጠሩ ወባው በአንድ ጊዜ በእጥፍ የበዛ ይመስላል። ሁለቱም አሠራር ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የትኛው እንደተመረጠ ግን መታወቅ አለበት። ስለዚህ የሕዝብ ቁጥሩ ከስክሪፕቱ አናት ላይ፣ ለብቻው፣ ምንጩና ዓመቱ አጠገቡ ተጽፎ ይቀመጥ። አዲሱ ቆጠራ ሲወጣ የሚለወጠው ያ መስመር ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፉት ዓመታት ሳምንታት በሙሉ በአንድ ከሰዓት እንደገና ይሠራሉ፣ የድሮውና የአዲሱ ውጤትም ጎን ለጎን ይታያል።

ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ አሁን ክፈቱ። አርን ያልጫናችሁ መጫኛው በፍላሽ እዚህ አለ፤ ከናይል እንጀምራለን።